ቢኤምአይ 24፣ ወገብ 97፦ የትኛውን ልመን?

ጥያቄው፦ «ዕድሜዬ 43 ነው። የሒሳብ ሠራተኛ ስለሆንኩ ቀኑን ሙሉ ተቀምጬ እውላለሁ። ቁመቴ 1.72 ሜትር፣ ክብደቴ 71 ኪሎ ነው፤ ቢኤምአይ ሲሰላ 24 ስለሚመጣ ‹ክብደትህ ጤናማ ነው› ተብያለሁ። ነገር ግን ቦርጭ አለኝ፤ ወገቤ በሜትር ሲለካ 97 ሴንቲ ሜትር ነው። አንድ ጂም ያለው ኤሌክትሪክ ሚዛን የሰውነቴ ስብ 27 በመቶ ነው አለኝ፤ በሦስተኛው ቀን ሌላ ጂም ስለካ ደግሞ 21 በመቶ ሆነ። አባቴ የስኳር ሕመምተኛ ነበሩ። የትኛውን ልመን? ገንዘብ አጠራቅሜ ዴክሳ የሚባለውን ምርመራ ላድርግ? እግረ መንገዴን ስለ እናቴም ልጠይቅ። 68 ዓመታቸው ነው፤ በአንድ ዓመት ውስጥ ከ54 ኪሎ ወደ 49 ወርደዋል፤ ጎረቤቱ ሁሉ ‹ቀጠኑ፣ አማረባቸው› ይላል። ለእሳቸውስ መለካቱ ይጠቅማል?»

ከጻፉልኝ ቁጥሮች ሁሉ ስለ ጤናዎ ይበልጥ የሚናገረው 97 ነው። ቢኤምአይዎ፣ ማለትም ክብደትን ከቁመት ጋር የሚያነጻጽረው ቁጥር፣ በትክክል ተሰልቷል። ሁለቱ የጂም ውጤቶች መለያየታቸውም የግድ ከሚዛኖቹ አንዱ ተበላሽቷል ማለት አይደለም፤ ሁለቱም ግምቶች ናቸው፣ ግምት ደግሞ ከመሣሪያ መሣሪያ ይለያያል። ይሁንና አንድ ሰው ለስኳር በሽታ፣ ለደም ግፊትና ለልብ ሕመም ያለው ተጋላጭነት የሚታወቀው በሰውነቱ ውስጥ ስንት ኪሎ ስብ እንዳለ በማወቅ ብቻ ሳይሆን፣ ከዚያ ይልቅ ስቡ የት እንደተቀመጠ በማወቅ ነው፤ በእጅዎ ካሉት መለኪያዎች መካከል ይህንን የሚጠቁመው ደግሞ የወገብዎ ዙሪያ ነው። ስለዚህ የሰውነትን ስብ በራጅ ለሚለካው ለዴክሳ ሊያጠራቅሙ ያሰቡትን ገንዘብ ለጊዜው ያቆዩትና፣ በጥያቄዎ ውስጥ ፈልጌ ያጣሁትን ምርመራ፣ ማለትም የደም ስኳር ምርመራን፣ በዚህ ሳምንት ያድርጉ። ምክንያቱን ላስረዳ።

ቢኤምአይ ክብደትን በኪሎ ወስዶ በሜትር በተለካ ቁመት ካሬ የሚያካፍል ስሌት ነው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን የመጀመሪያ አጋማሽ ስሌቱን የቀመረው ቤልጂጋዊው የሒሳብና የሥነ ፈለክ ሊቅ አዶልፍ ኬትሌ ሲሆን፣ ይፈልግ የነበረውም የብዙ ሰዎችን አማካይ መጠን ማወቅ እንጂ አንድን ሕመምተኛ መመርመር አልነበረም። የዛሬ ስሙን ያገኘውም በ1972 እ.ኤ.አ. አሜሪካዊው ተመራማሪ አንሴል ኪስ ከባልደረቦቹ ጋር ባሳተመው ጥናት ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ከ18.5 በታች ያለውን ዝቅተኛ ክብደት፣ 25 እና ከዚያ በላይ ያለውን ከመጠን ያለፈ ክብደት፣ 30 እና ከዚያ በላይ ያለውን ውፍረት ብሎ ይመድበዋል። አንድን ከተማ ወይም አንድን አገር ከሌላው ለማወዳደር ከዚህ የቀለለና የረከሰ መለኪያ የለም፤ እኔም ሕመምተኛ በመጣ ቁጥር አሰላዋለሁ። ስሌቱ የማያየው ግን ኪሎው ከምን እንደተሠራ ነው። በ1942 እ.ኤ.አ. የአሜሪካ ባሕር ኃይል ሐኪም የነበረው አልበርት ቤንኬና ባልደረባው «የአሜሪካ እግር ኳስ» የሚባለውን፣ ኳሱ በእጅ ተይዞ ግፊያ የበዛበትን ጨዋታ የሚጫወቱ 25 ሰዎችን ውኃ ውስጥ አስገብተው መዘኑ። ከእነዚህ 17ቱ በክብደትና በቁመት ሠንጠረዥ ብቻ ቢታዩ ከመጠን በላይ ከባድ ተብለው ለውትድርና ብቁ የማይባሉ ነበሩ፤ የሰውነታቸው እፍጋት ሲሰላ ግን ክብደታቸው ጡንቻ እንጂ ስብ እንዳልሆነ ታየ። የእርስዎ ሁኔታ የዚህ ተቃራኒ ነው፤ ሠንጠረዡ ደህና ነው የሚለው 71 ኪሎ ውስጥ ጡንቻው አንሶ ስቡ ሆድ ላይ ተከማችቷል።

በእኛ አገር ሰው ላይ ደግሞ አንድ ተጨማሪ ነገር አለ። እግር በርዝመቱ ልክ ሲታይ ከደረትና ከሆድ ይቀላል፤ ስለዚህ ከቁመቱ ውስጥ ትልቁን ድርሻ እግሩ የያዘ ሰው ቢኤምአዩ ዝቅ ብሎ ይታያል። በአርብቶ አደር አካባቢዎች፣ ለምሳሌ በሶማሌዎች ዘንድ፣ ጤነኛና ጠንካራ ሆኖ ሳለ ቢኤምአዩ ከ18.5 በታች የሚወርድ ሰው ማግኘት ብርቅ አይደለም፤ የሥነ ምግብ ባለሙያዎች የተቀምጦ ቁመትን ከቆሞ ቁመት ጋር የሚያነጻጽሩትም ለዚህ ነው። በዚያው ልክ ረጅም እግርና ቀጭን ክንድ ያለው ሰው ሆዱ ቢሞላም ቢኤምአዩ ገና 24 ላይ ሊቆም ይችላል። በ1984 እና በ1991 እ.ኤ.አ. በሙሴና በሰሎሞን ዘመቻዎች ወደ እስራኤል የገቡት ቤተ እስራኤላውያን ታሪክ ለዚህ ትምህርት ሰጪ ነው፤ ሲገቡ አብዛኞቹ ቀጫጭኖች ነበሩ፣ የስኳር በሽታም እምብዛም አይታይባቸውም ነበር። አኗኗራቸውና አመጋገባቸው ከተለወጠ በኋላ ግን በሽታው በፍጥነት ተስፋፋባቸው፤ እዚያ የተደረጉ ጥናቶች እንዳሳዩትም ከሌላው የአገሪቱ ሕዝብ ባነሰ ቢኤምአይ ይታመማሉ። የዓለም ጤና ድርጅት የባለሙያዎች ቡድን በ2004 እ.ኤ.አ. ለእስያ ሕዝቦች 23ን ተጨማሪ የጥንቃቄ መነሻ አድርጎ አቅርቧል፤ ለእኛ ይህን የመሰለ የተስማሙበት ቁጥር ስለሌለ «24 ነህና አትስጋ» የሚለውን ምክር በቦርጭዎ ፊት አልደግመውም።

ሆድ ላይ ያለው ስብ ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ ከቆዳ ሥር ያለው፣ በሁለት ጣት ቆንጥጠው የሚይዙት ነው። ሁለተኛው ከሆድ ጡንቻ ኋላ፣ በአንጀትና በሌሎች የውስጥ አካላት ዙሪያ የሚከማቸው ነው። ብዙ ወንዶች ሆዳቸውን በመዳፋቸው እየመቱ «ይኸው ጠንካራ ነው፣ ስብ አይደለም» ይሉኛል፤ ሆዱ ተወጥሮ የማይቆነጠጠው ግን ብዙ ጊዜ ስቡ ከጡንቻው በስተ ውስጥ ሆኖ ወደ ውጭ ስለገፋው ነው። ይህ የውስጥ ስብ ከአንጀት የሚነሳው ደም በሚያልፍበት መንገድ ላይ ስለሚገኝ የሚለቀው የስብ አሲድ በቀጥታ ጉበት ይደርሳል፤ ጉበትም ስብ ይቋጥራል፣ ኢንሱሊን ሲያዝዘው መታዘዙ ይቀንሳል፣ ስኳርንና ትራይግሊሰራይድ የተባለውን የስብ ዓይነት ወደ ደም ማፍሰሱን ይቀጥላል። በአንጻሩ ዳሌና ጭን ላይ ያለው ስብ በአብዛኛው በቦታው ተቀምጦ የሚቆይ ነው። በ52 አገሮች የተካሄደውና በ2005 እ.ኤ.አ. ውጤቱ የወጣው ኢንተርኸርት የተባለው ጥናት ድንገተኛ የልብ ሕመም (የልብ ደም ሥር መዘጋት) የደረሰባቸውን ሰዎች ከሌሎች ጋር ሲያነጻጽር፣ የወገብ ዙሪያ ለዳሌ ዙሪያ ተካፍሎ የሚገኘው ቁጥር ከቢኤምአይ እጅግ የጠነከረ ግንኙነት እንዳለው ያሳየው በዚህ ምክንያት ነው።

አሁን ወደ ጂሙ ሚዛን እንምጣ፤ ብዙ ሰው ገንዘቡንም እንቅልፉንም የሚያጣበት ይህ መሣሪያ ስለሆነ ጠለቅ ብዬ ማብራራት እፈልጋለሁ። ሚዛኑ ስብን አይለካም። የሚለካው በእግርዎ መዳፍ፣ አንዳንዱም በእጅዎ ጭምር፣ የማይሰማዎት ደካማ ኤሌክትሪክ ልኮ ሰውነትዎ ኤሌክትሪኩን ምን ያህል እንደተቃወመው ነው። ውኃና ጨው ያለበት ጡንቻ ኤሌክትሪክ በቀላሉ ያሳልፋል፤ ስብ አያሳልፍም። መሣሪያው ከተቃውሞው ተነስቶ በሰውነትዎ ስንት ሊትር ውኃ እንዳለ ይገምታል፤ ከስብ ውጭ ያለው ሰውነት 73 በመቶው ውኃ ነው ብሎ በመነሳት የዚህን ክፍል ክብደት ያሰላል፤ የቀረውን ኪሎ «ስብ» ይለዋል። በየደረጃው የሚጠቀምበት ቀመር ደግሞ አምራቹ በመረጣቸው፣ አብዛኛውን ጊዜ ከእኛ የተለየ የሰውነት ቅርጽ ባላቸው ሰዎች ላይ የተሠራ ነው። ሁለት ጂሞች ሁለት ዓይነት ሚዛን ካላቸው ሁለት ቀመር አላቸው ማለት ነው፤ 27 እና 21 ለመምጣት ይህ ብቻውን ይበቃል።

በዚያ ላይ የዕለቱ ሁኔታ አለ። ላብዎ ከወጣ በኋላ፣ ወይም በጾም ወቅት እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውኃ ሳይቀምሱ ውለው ቢለኩ፣ ሰውነትዎ ውኃ ስላነሰው ተቃውሞው ይጨምራል፤ ሚዛኑም ስብዎ የጨመረ ይመስለዋል። ከመለካትዎ በፊት አንድ ሊትር ውኃ ቢጠጡ ደግሞ ውኃው ገና ጨጓራ ውስጥ ስላለ የኤሌክትሪኩን መንገድ አይለውጠውም፤ ክብደትዎ ግን በአንድ ኪሎ ስለጨመረ መሣሪያው አብዛኛውን እንደ ስብ ሊቆጥረው ይችላል። ከሁሉም በላይ እርስዎን የሚመለከተው ግን ይህ ነው፦ ደረትና ሆድ የሰውነትን ክብደት ግማሽ ያህል ቢይዙም ወፍራም ምሰሶ ስለሆኑ ከጠቅላላው የኤሌክትሪክ ተቃውሞ የሚያዋጡት አንድ አሥረኛ ገደማ ነው፤ የቀረው የክንድና የእግር ነው። በእግር ብቻ የሚለካው ሚዛን ደግሞ ኤሌክትሪኩ ከአንዱ እግር ወጥቶ በሌላው ስለሚወርድ ሆድን በወጉ አይነካውም። ሊያውቁት የሚፈልጉት ቦርጩን ሆኖ ሳለ፣ መሣሪያው ከሁሉ አሳንሶ የሚያየው ቦርጩን ነው። በወረቀቱ ላይ «የውስጥ ስብ ደረጃ» ተብሎ የሚወጣው ቁጥርም ከዕድሜዎ፣ ከጾታዎ፣ ከቁመትዎና ከክብደትዎ ጋር ተደምሮ የተሰላ ግምት ነው። «የሰውነት ዕድሜ» የሚለው ግን ምንም የሕክምና መመዘኛ የሌለው የአምራቾች ፈጠራ ስለሆነ እንዲያስጨንቅዎ አይፍቀዱለት።

ይህን ሁሉ ስል ሚዛኑን ይጣሉት ማለቴ አይደለም። በአንድ መሣሪያ፣ በአንድ ሰዓት፣ ጠዋት ሳይበሉና ሽንት ቤት ከሄዱ በኋላ በየወሩ ቢለኩ የለውጡን አቅጣጫ ያሳያል፤ አንዱን ቀን ከሌላው፣ አንዱን ጂም ከሌላው ማወዳደር ነው ትርጉም የሌለው። የልብ ምት ማስተካከያ መሣሪያ የተተከለለት ሰው ግን ጨርሶ ሊወጣበት አይገባም።

ዴክሳ ከዚህ በእጅጉ ይሻላል። ሁለት ዓይነት ኃይል ያለው ቀላል ራጅ በሰውነት ውስጥ እያሳለፈ አጥንትን፣ ስብንና ሌላውን ሥጋ ይለያል፤ ጨረሩም እጅግ ጥቂት ነው። ዋና ሥራው የአጥንትን ጥንካሬ ማወቅ ነው። ሲቲ ስካንና ኤምአርአይ የውስጥ ስብን በዓይን ያሳያሉ፤ ነገር ግን ለዚህ ብቻ ተብለው አይታዘዙም። ሰውነት የሚይዘውን ቦታ በአየር መጠን ለክቶ ስቡን የሚገምት መሣሪያም አለ፤ ጅማ ላይ የ350 አራስ ሕፃናት የሰውነት ስብ በዚህ ተለክቶ ውጤቱ ታትሟል፤ አገራችን ለዚህ ሙያ ካበረከተቻቸው ሥራዎች አንዱ በመሆኑ ሳልጠቅሰው ማለፍ አልፈለግሁም። እነዚህ ሁሉ ለምርምር ትልቅ ዋጋ አላቸው። ለእርስዎ ግን የዴክሳ ወረቀት «26 በመቶ» ብሎ ቢመጣ ነገ ጠዋት የማዝዝልዎ ነገር አይለወጥም፤ ከዚህ በላይ ያለው የስብ መቶኛ በሽታ ነው፣ ከዚህ በታች ያለው ጤና ነው የሚል ሁሉም የተስማማበት መስመር እስከ ዛሬ የለምና። አንድ ምርመራ ውጤቱ ምንም ቢሆን ሕክምናውን የማይለውጥ ከሆነ ሕመምተኛን ለእሱ ገንዘብ ማስወጣት ተገቢ ነው ብዬ አላምንም።

ሜትሩ በትክክል ከተያዘ ግን ይለውጣል፤ ችግሩ በትክክል የሚይዘው ጥቂት መሆኑ ነው። ክፍሌ ከሚገቡት ወንዶች ብዙዎቹ ወገባቸውን ስጠይቃቸው የሱሪ ቁጥራቸውን ይነግሩኛል። «34 ነው የምለብሰው» ይላሉ፤ 34 ኢንች 86 ሴንቲ ሜትር ነው። ሸሚዛቸውን ሲገልጡ ግን ቀበቶው ከሆዱ በታች ወርዶ ዳሌው ላይ ታስሯል፤ ሆዱ ከላይ ተንጠልጥሏል። ሜትሩ ቆዳቸውን ሲነካ ደግሞ ሳያውቁት ትንፋሽ ስበው ሆዳቸውን ያስገባሉ፤ እያጫወትኳቸው ትንፋሻቸው እስኪመለስ እጠብቃለሁ፤ በዚያች ጥቂት ሰከንድ ሜትሩ ብዙ ሴንቲ ሜትር ሲሸሽ ይታያል።

እርስዎ ሲለኩ ጠዋት፣ ከቁርስ በፊት፣ ሸሚዝ አውልቀው እግርዎን ገጥመው ይቁሙ። ከጎንዎ የመጨረሻዋን የጎድን አጥንት በጣትዎ ይፈልጉ፤ ከዚያም የዳሌ አጥንትን የላይኛውን ጫፍ ይፈልጉ፤ የሁለቱን መሐል በእስክሪብቶ ያመልክቱ። ሜትሩ በዚያች ምልክት ላይ ዙሪያውን ከወለሉ ጋር እኩል ይሂድ፤ ከኋላ ወደ ታች መንሸራተት ስለሚወድ በመስተዋት ይዩት፣ ወይም ባለቤትዎ ይያዙልዎ። ሜትሩ ቆዳውን ይንካ እንጂ አይጫነው። እንደ ወትሮው ተንፍሰው አየሩ ሲወጣ ያንብቡ፤ ሁለት ጊዜ ይለኩ፤ ልዩነቱ ከአንድ ሴንቲ ሜትር ከበለጠ ይድገሙት። የልብስ ሰፊ የጨርቅ ሜትር ሲያረጅ ስለሚለጠጥ በመጀመሪያ ከማስመሪያ ጋር ያስተያዩት። በየጤና ኬላው የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች የሕፃናትን ክንድ የሚለኩበት ቀይ፣ ቢጫና አረንጓዴ ቀለም ያለው መለኪያ በ11.5 ሴንቲ ሜትር ከባድ የምግብ እጥረትን ለይቶ የልጅ ሕይወት ያተርፋል፤ በአግባቡ የተያዘ ሜትር ርካሽ ስለሆነ ብቻ ሊናቅ አይገባውም።

በዚህ መንገድ ለክተው ድጋሚ 97 ከመጣ ትርጉሙ የሚከተለው ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ለወንድ ከ94፣ ለሴት ከ80 ሴንቲ ሜትር በላይ የሆነ ወገብ ተጋላጭነት መጨመሩን፤ ለወንድ ከ102፣ ለሴት ከ88 በላይ የሆነው ደግሞ እጅግ መጨመሩን ያመለክታል ይላል። ዓለም አቀፉ የስኳር በሽታ ፌዴሬሽንም ከሰሐራ በታች ላሉ አፍሪካውያን የራሳቸው ጥናት እስኪበቃ ድረስ 94 እና 80ን እንድንጠቀም መክሯል። እኔ ለሰው ስነግር የማስቀድመው ግን የቀለለውን ነው፦ ወገብ ከቁመት ግማሽ አይብለጥ። የእንግሊዝ የጤና መመሪያ አውጪ ተቋም ናይስም በ2022 እ.ኤ.አ. ይህንኑ መክሯል። የቁመትዎ ግማሽ 86 ነው፤ በ11 ሴንቲ ሜትር አልፈውታል። ይህ መለኪያ ለነፍሰ ጡር አይሠራም፤ እንዲሁም ክንድና እግሩ እየከሳ ሆዱ ብቻ በሳምንታት ውስጥ የሚነፋ ሰው ስብ ሳይሆን ውኃ ሊሆን ስለሚችል በሜትር ሳይዘናጋ ቶሎ ሐኪም ይይ።

አሁን የሚቀረው ቦርጩ በደምዎ ውስጥ ምን እንደሠራ ማየት ነው፤ አባትዎ የስኳር ሕመምተኛ ስለነበሩ ይህ ሊዘገይ አይገባም። ሌሊቱን ሳይበሉ አድረው የደም ስኳር ይለኩ። 126 ሚሊ ግራም በዴሲ ሊትር እና ከዚያ በላይ ሆኖ በሌላ ቀን ሲደገምም ከጸና የስኳር በሽታ ነው፤ ከ100 እስከ 125 ያለውን ብዙ ሐኪሞች የቅድመ ስኳር ደረጃ ይሉታል። ኤዋንሲ የሚባለው የደም ስኳር የሦስት ወር አማካይ ከ5.7 እስከ 6.4 በመቶ ከሆነ እንዲሁ። በዚያው ደም ኮሌስትሮልና ትራይግሊሰራይድ ይታዩ፤ ትራይግሊሰራይድ ከ150 በላይ ሆኖ ወገብም ከሰፋ የውስጥ ስብ መኖሩን በጣም ይጠቁማል። የደም ግፊትዎን ከአምስት ደቂቃ ዕረፍት በኋላ ተቀምጠው ያስለኩ። ሐኪምዎ የጉበት አልትራሳውንድ ቢያዝልዎ አይደነቁ፤ የጉበት ስብ ከወገብ ጋር አብሮ ይሄዳልና።

ሕክምናው ክብደት ቀንሱ የሚለው ተራ ምክር አይደለም፤ 71 ኪሎው ላይ ብዙ የሚቀነስ የለም። የሚፈለገው ውስጡን መለወጥ ነው። በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ ፈጠን ያለ የእግር ጉዞ ያድርጉ፤ በሳምንት ሁለት ቀን ደግሞ ጡንቻ የሚያሠራ፣ ክብደት የሚያነሱበት ወይም በራስዎ ክብደት የሚሠሩት እንቅስቃሴ ይጨምሩ። የውስጥ ስብ ለእንቅስቃሴ ከቆዳ ሥሩ ይልቅ ቶሎ ይበገራል፤ ሚዛኑ 71 ላይ እንደቆመ ወገቡ ሦስት አራት ሴንቲ ሜትር ሲገባ ያየኋቸው ብዙ ናቸው፤ ሚዛን ብቻ የሚያዩ ግን ለውጥ የለም ብለው በሁለተኛው ወር ይተዉታል። ከማዕዱ በኩል በቅድሚያ ቢቀነሱ ጥቅማቸው ቶሎ የሚታየው ለስላሳ መጠጥ፣ በሻይና በቡና የሚጨመር ስኳርና ቢራ ናቸው። ወገብዎን በየአራት ሳምንቱ ብቻ ይለኩ፤ ከሁለት ሴንቲ ሜትር ያነሰ ለውጥ ከአለካክ ስሕተት ስለማይለይ በእሱ አይደሰቱም አያዝኑም።

ስለ እናትዎ የጻፉት ግን ከእርስዎ ይልቅ አሳስቦኛል። ከ54 ኪሎ 5 ኪሎ መቀነስ ከክብደታቸው 9 በመቶ በላይ ነው። አስበውበት ያልቀነሱት ከሆነ፣ በዚህ ዕድሜ በአንድ ዓመት ውስጥ ከ5 በመቶ በላይ መውረድ መንስኤው ሊፈለግለት የሚገባ ምልክት ነው፤ ያልታወቀ የስኳር በሽታ፣ የሳንባ ነቀርሳ፣ የእንቅርት ዕጢ ሆርሞን መብዛት፣ የጥርስ ችግር፣ ድብርት፣ ካንሰርም ሊሆን ይችላል። በዚህ ዕድሜ በዚህ መልክ ሲከሱ የሚሄደው ስብ ብቻ አይደለም፤ ጡንቻም ነው፤ ጡንቻ ያነሰው አዛውንት ይወድቃል፣ አጥንቱ ይሰበራል፣ ከሕመም ለመነሳት ይዘገያል። ለእሳቸው የሚያስፈልገው የስብ መቶኛ አይደለም። በዚያው ሜትር የባታቸውን ወፍራሙን ክፍል ይለኩ፤ ከ31 ሴንቲ ሜትር ካነሰ የጡንቻ መቀነስን ያመለክታል። ከዚያም ክንዳቸውን ደረታቸው ላይ አጣምረው ከወንበር አምስት ጊዜ ተነስተው ይቀመጡ፤ እንዳይወድቁ አጠገባቸው ይሁኑ፤ ከ15 ሰከንድ በላይ ከወሰደባቸው የእግራቸው ጉልበት ቀንሷል። የሁለቱንም ውጤትና የሚወስዱት መድኃኒት ካለ ዝርዝሩን በወረቀት ይያዙላቸው። ክብደታቸው ከመቼ ጀምሮ እንደቀነሰ፣ የምግብ ፍላጎታቸው እንዴት እንደሆነ፣ ሳል፣ የሌሊት ላብ ወይም የውኃ ጥም እንዳለባቸው አስቀድመው ይጠይቋቸው፤ እናቶቻችን ሐኪም ፊት «ደህና ነኝ» ማለት ይቀናቸዋል። የእርስዎ ደም በዚህ ሳምንት በማንኛውም ጠዋት ሊቀዳ ይችላል፤ የእሳቸውን የሐኪም ቀጠሮ ግን ዛሬውኑ ያስይዙ።